ከፊት ለፊት የተማሯቸው ፊደሎች

ቁመቴ በበር ሳላጎነብስ አያስገባኝም። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የዜሮ ክፍል አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር ሰው ምን እንዳለኝ እንዲገባችሁ ነው። «ይህ ሁሉ ቁመት ሀ ሁ ለማስቆጠር ነው?» ይሉኝ ነበር ሻይ ቤት አብረን የምንቀመጥ ጓደኞቼ። ሲብስባቸው «ሞግዚቱ መጣ» ብለው ወንበር ይስቡልኛል። እኔም ሻዬን አማስላለሁ። እነሱ ከቢሮ ሲመጡ ፊታቸው ተጨማዶ ነው፤ እኔ ግን ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ስስቅ ውዬ ነው የምመጣው።

የክፍላችን ወንበሮች ከጉልበቴ በታች ስለሆኑ የምቀመጠው ወለል ላይ ነው። ይህም በጀኝ። ልጅ አጠገብ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው እርሳሱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ቆሞ የሚያስተምር ሰው የሚያየው ያለቀውን ፊደል ብቻ ነው።

አብዛኞቹ ልጆቻችን አማርኛን ከቤታቸው ይዘው አይመጡም። ቤት ውስጥ ኑዌርኛ ወይም አኝዋክኛ ነው የሚነገረው፤ አማርኛ የገበያ፣ የባጃጅና የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው። ስለዚህ የፊደሉን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ድምፁንም አብረን ነው የምንለማመደው። «ጠ»ን ለማውጣት አንገታቸው ይወጠራል፣ ዓይናቸው ይፈጣል፤ አንዳንዱን ከድምፁ በፊት ምራቁ ይቀድመዋል። አይዞህ እለዋለሁ፤ እኔም ያንተን ያህል ሳለሁ ምራቄ ነበር የሚቀድመኝ።

ለጽሕፈቱ ነጠብጣብ እንሰጣቸዋለን፤ ነጥቦቹን በእርሳስ እያገናኙ ፊደሉን ያወጡታል። ችግሩ ፎቶ ኮፒው ነበር። መብራት ሲኖር ቀለም የለውም፣ ቀለም ሲገኝ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ከገበያ ወስፌ ገዛሁ። ወረቀት እደራርብና ከላይ ባለው ላይ ፊደሉን ነድፌ፣ መስመሩን ተከትዬ በወስፌ እበሳዋለሁ፤ ከሥር ያሉትም አብረው ይበሳሉ። ልጆቹ እርሳሳቸውን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይነዱታል። ደንባችን ደግሞ እርሳሱ ወረቀት ላይ እስካለ ድረስ ድምፁም ከአፍ አይቋረጥም የሚል ነው። «በእእእእ» እያሉ ከራስ እስከ እግር ይወርዳሉ፣ እርሳሱ ሲነሳ አፋቸውም ይዘጋል። ከውጭ ለሚያልፍ ሰው የንብ ቀፎ እንመስላለን።

ይህን ጫጫታ ዳይሬክተራችን አይወዱትም ነበር። ከመቲ ተዘዋውረው የመጡ ደገኛ ሴት ናቸው፤ በዚህ ሁሉ ሙቀት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አያወርዱም። ከጫጫታ የባሰ የሚጠሉት ግን ኩረጃን ነው። «ዜሮ ክፍል የኮረጀ ዩኒቨርሲቲም ይኮርጃል» ይላሉ። ፈተና ባልነው ቀን ይመጡና፣ አንዱ የሌላውን እንዳያይ በልጆቹ መሀል ቦርሳ ያቆማሉ። ቦርሳው ከአንዳንዶቹ ልጆች ስለሚረዝም፣ ክፍሉን ሳየው ቦርሳዎች ተደርድረው የሚፈተኑ ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዩኒፎርሟ ሁልጊዜ የታጠበ። መጀመሪያ ልብ ያልኩት እጇን ነው። ሰኞ በቀኝ እጇ ስትጽፍ አያታለሁ፤ ማክሰኞ በግራዋ። ረቡዕ ተመልሳ በቀኝ። በሁለቱም እጇ አሳምራ ትጽፋለች። ደስ ብሎኝ ሻይ ቤት ሄጄ ደረቴን ነፍቼ አወራሁ። «በሁለት እጁ የሚጽፍ ሰው አይታችኋል? የእኔ ተማሪ ናት» አልኳቸው። አንዱ ጓደኛዬ ምናልባት ሞግዚቱ ጥሩ ስለሆነ ነው አለኝ፤ ያን ቀን ሙገሳ አድርጌ ወሰድኩት።

ቀጥሎ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። ሰኞ ያስተማርኩትን ፊደል ማክሰኞ ሳስጽፋት ትጽፈዋለች፤ ግን ገልብጣ። «በ» እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ቁጭ ትላለች። ይህቺ ማን ናት ስላት ሳታመነታ «በ» ትለኛለች፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ወረቀቱን አዙሬ ሳየው አንድም እንከን የለበትም፤ ከእኔ «በ» ይልቅ ታምራለች። የማክሰኞውን ፊደል ደግሞ ረቡዕ እንደዚያው ገልብጣ ትጽፋለች። አስተካክዬ ሳሳያት የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ ፊቴን በሐዘኔታ ታየዋለች። አንድ ቀንም ትናንት የጠፋባትን ላጲስ አግኝቼ ብሰጣት «የማን ነው?» አለችኝ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ዳይሬክተሯ ክፍላችንን ሊጎበኙ ገቡና የእሷን ወረቀት አነሱ። ገለባበጡት። እኔን አዩኝ፣ ልጅቷን አዩ።

«ይህቺ ልጅ ገና ናት» አሉ። «አንደኛ ክፍል አትገባም። ዓመቱን ትድገም።»

ልጅቷ ሰማች። እርሳሷን አስቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች፣ ከዚያ በኋላ እስክንወጣ አልጻፈችም። አንጀቴን በላችው። ከትምህርት በኋላ እናቷን ላናግር እጇን ይዤ ወደ ቤታቸው አብሬያት ሄድኩ።

ቤታቸው ከባሮ ወንዝ ብዙ አይርቅም። አጥሩ ጋ ስንደርስ እጄን ይዛ የቆመችው ልጅ፣ ከውስጥ ሕፃን ወንድሟን ታቅፋ ወጣች። ያልኩት ያልኩት ነው። እጄን የያዘችውን አየሁ፤ አለች። የወጣችውን አየሁ፤ እሷው ናት። ከግቢ የወጣችው ስታየኝ ደንግጣ ሕፃኑን በፊቷ ላይ ከፍ አድርጋ ተደበቀችበት። ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ግን ሳቄ መጣ፣ እነሱም መሳቄን ሲያዩ ሳቁ።

መንታ ናቸው። አንዷ ቀኝ እጅ ናት፣ አንዷ ግራ እጅ፤ ከዚህ በኋላ ቀኝ እጇና ግራ እጇ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ዩኒፎርሙ አንድ ነው። እናታቸው ገበያ ባሚያና ዓሣ ትሸጣለች፤ እሷ ስትወጣ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዷ ስትማር ሌላዋ ቤት ትውላለች፣ በማግስቱ ይቀያየራሉ። ሁለት እጅ ያላት የእኔ ጉድ፣ ለካ አራት እጅ ነው ያላት።

የተገለበጠውን ፊደል ነገር ደግሞ ሳልጠይቅ አሳዩኝ። የዚያን ቀን የተማረችው ቀኝ እጇ በርጩማ ላይ ወረቀቱን አነጠፈች። ግራ እጇ ከበርጩማው ማዶ፣ ፊት ለፊቷ፣ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጎን ለጎን የማይቀመጡት ሕፃኑ ወረቀት ስለሚበላ ነው፤ እጁ እንዳይደርስበት ማዶ መሆን አለበት። ተማሪዋ «ከእእእእ» እያለች ቀዳዳዎቹን ታገናኛለች፣ ማዶ ያለችው አብራ «ከእእእእ» እያለች መሬት ላይ በጣቷ ያየችውን ትጽፋለች። ያየችው ግን ከማዶ ነው። ለአንዷ እግር የሆነው ለሌላዋ ራስ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ የራሷን ቀን ፊደል ቀጥ አድርጋ፣ የእህቷን ቀን ፊደል ገልብጣ ነው የተማረችው። ዓመቱን ሙሉ ተጨንቄ ያልፈታሁትን በርጩማው ፈታልኝ።

እናታቸው ከገበያ ስትመለስ ነገሩን ጠየቅኳት። በቋንቋችን በኑዌርኛ ነው ያወራነው።

«መምህር፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስንት ልጅ ነው የምታስመዘግቢው አለኝ» አለች። «አንድ አልኩት።»

«ሁለት ናቸው እኮ።»

«አንተስ የእኛ ልጅ አይደለህም? መንታ ስንት ሰው ነው?»

በእኛ ዘንድ መንታ አንድ ሰው ነው፤ ከልጅነቴ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ለጸሐፊው ሁለት ብትለው ውሸት የተናገረች ይመስላት ነበር። በየተራ መሄዱን ያመጡት ግን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። እሷ የላከችው አንዷን ነበር፤ ሌላዋ በማግስቱ ዩኒፎርሙን ቀድማ ለብሳ ተገኘች።

ከመውጣቴ በፊት ሁለቱንም ስማችሁን ጻፉልኝ አልኳቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ የገዛ ስሙን በነጠብጣብ በስቼ ነበር የሰጠሁት፣ የሚያውቁት ከዚያ ነው። ቀኝ እጇ ስሟን ጻፈች። ግራ እጇም ጻፈች። ያንኑ ስም።

«ይሄ ያንቺ ስም ነው?» አልኳት ግራ እጇን።

«ትምህርት ቤት ስሄድ ነው» አለችኝ።

«ቤትስ?»

ሌላ ስም ነገረችኝ። እሱን ጽፋው ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት ጥያቄው አልገባትም። የተመዘገበችው እህቷ ስለሆነች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሟ ተጠርቶ አያውቅም፤ ተጽፎም አያውቅም። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያን ስም በልቤ እየበሳሁ ሄድኩ።

በማግስቱ ሁለቱንም፣ ሕፃኑንም ጨምሬ ዳይሬክተሯ ቢሮ ወሰድኳቸው። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠርገው መልሰው አደረጉ። እኔ ሁሉንም ነገር ተረክኩላቸው፣ በርጩማውን ሳይቀር። ሰሙኝና ሁለት ወረቀት ሰጥተው ፊደል አስጻፏቸው፤ በመሀላቸው ግን የራሳቸውን ቦርሳ አቁመው ነው። የተገለበጡትን ወረቀቱን እያዞሩ አዩ። ሁለቱም ያውቃሉ።

«ያውቃሉ፤ እሱስ እሺ» አሉ። «እኔ ያለኝ ግን የአንዲት ልጅ ቦታ ነው። አንደኛ ክፍል ሞልቷል። ሁለተኛዋን ከየት አምጥቼ ነው የማስቀምጣት?»

«እትዬ፣ በእኛ ዘንድ እኮ መንታ አንድ ሰው ነው» አልኩ። ሌላ የምለው አጥቼ ነው።

«አንድ ሰው ከሆኑ አንድ ወንበር ይበቃቸዋላ» አሉኝ።

በገዛ አፌ ተያዝኩ። አንዷ ብቻ አንደኛ ክፍል ከገባች ሌላዋ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ያቺ የቀረችው ትይዛለች፣ ሌላ ዓመት ሌላ ሕፃን ይመጣል። ስንቷን እንዲህ ሆና ስትቀር አይቻለሁ። ይህንንም ነገርኳቸው፤ ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም። ሕፃኑ እያየኝ ነበር፣ ደነገጠና አለቀሰ። አንስቼ አቀፍኩት።

ዳይሬክተሯ ቦርሳቸውን ከልጆቹ መሀል አነሱ።

«በምረቃው ቀን ሁሉም ልጅ ሰሌዳ ላይ ስሙን ይጽፋል» አሉ። «ሁለተኛዋም የገዛ ስሟን፣ በገዛ እጇ፣ ማንም ሳያግዛት ከጻፈች ወንበር ፈልጌ አመጣለሁ፤ ከቢሮዬም ቢሆን። ካልጻፈች ግን እንዳትለምነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ይመጡ ነበር፣ ሕፃኑም ይመጣል። አንዷ በዩኒፎርም፣ አንዷ በቤት ቀሚስ፤ በማግስቱ ይቀያየራሉ። ሕፃኑን የምይዘው እኔ ነኝ። በአንድ እጄ ታቅፌው በሌላው ጠመኔ ይዤ አስተምር ነበር። ልጆቹ «በእእእ» ሲሉ እሱም አፉን ከፍቶ አብሮ ይላል፤ «ጠ»ን ግን እሱም አልቻለም። ሻይ ቤት ይህ በተሰማ ዕለት የደረሰብኝን አልነግራችሁም።

የግራ እጇን ስም በነጠብጣብ በስቼ ሰጠኋት። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ቲቸር፣ ይቺ ማን ናት?»

«አንብቢያት እስቲ።»

ፊደል በፊደል አወጣችው። አንዱን ድምፅ ይዛ ወደ ሌላው ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ጀመረች። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲገጣጠምላት ቀና ብላ አየችኝና በጣቷ ደረቷን ነካች። አዎ አልኳት። ያን ወረቀት ሁለት እጥፍ አጥፋ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው፣ ለእርማት ብጠይቃትም አልሰጠችኝም። ልጅን ማስተማር ለምን እንደምወድ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ያቺን ጣት ነው የምነግረው።

ነገር ግን እጅ እንደ አፍ ቶሎ አይታዘዝም። ዓመቱን ሙሉ የእህቷን ስም የጻፈ እጅ፣ ስምሽን ጻፊ ስትባል የሚሄደው ወደዚያው ነው። ጀምራ ታቆማለች፣ ታጠፋለች፣ ትናደዳለች። ቤት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነበር፤ አሁን ወረቀቱ ግራ እጇ ፊት ይነጠፋል፣ ማዶ ተቀምጣ የምታጠናው ቀኝ እጇ ናት። የእህቷን ስም እንድታውቅ ማንም አላዘዛትም።

የምረቃው ዕለት ከመድረሱ በፊት ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ሰሌዳውን ወደ ግቢው አውጥተን ማንጎው ግንድ ላይ አስደገፍነው፤ ወላጆች ወንበር ላይ፣ ልጆቹ ከፊት ሰሌን ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ጥቁር ጋዋን ለብሰዋል፣ ቆባቸው ዓይናቸው ላይ ይወርዳል። ጋዋን ጥሩ ነገር ነው። ከሥሩ ዩኒፎርም ያላትና የሌላት ልጅ አይለይም። እናታቸው ገበያውን ትታ መጥታ ነበር፤ ሕፃኑን ከእኔ ተቀብላ ከኋላ ቆመች።

ልጆቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ስማቸውን ጻፉ። ቀኝ እጇ ጽፋ ተጨበጨበላት፣ ተመልሳ ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ ግራ እጇ ተነሳች።

ጠመኔውን በግራዋ ይዛ አንድ ፊደል ጻፈች። የእህቷን ነው። ወዲያው አወቀችው፣ በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችው። እንደገና እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ወላጆቹ ይጠብቃሉ፤ አንዱ አባት አሳለ። ዳይሬክተሯ ከሰሌዳው ጎን ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። እኔ ብናገር ማገዝ ነው፣ ብንቀሳቀስ ማገዝ ነው። መሬት መሬት አየሁ።

መሬት ሳይ ነው ያየሁት። ቀኝ እጇ ከሰሌኑ ጠርዝ ጎንበስ ብላ፣ ዝናብ ባረጠበው አሸዋ ላይ በጣቷ ትጽፋለች። የምትጽፈው የእህቷን ስም ነው፤ ለራሷ ገልብጣ፣ ለምታያት ቀጥ አድርጋ። እንደ በርጩማው። ግራ እጇም ከጀርባዋ ምን እንዳለ ያወቀች ይመስል ዞር አለች። እህቷን አየች፣ አሸዋውን አየች። ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ አነበበችው። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመልሳ ስሟን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፈች፤ የመጨረሻውን ፊደል እግር በጣም አስረዝማ።

ሰው አጨበጨበ። እናትየዋ ማንበብ አትችልም፤ ልጆቿ ሰሌዳው ላይ የጻፏቸውን ሁለት ስሞች ተራ በተራ እያየች ሕፃኑን ታወዛውዝ ነበር። እኔ ግን ማጨብጨብ አልቻልኩም። ዳይሬክተሯን ቀና ብዬ ሳይ ዓይናቸው አሸዋው ላይ ነበር። ቀኝ እጇ በመዳፏ ስታጠፋው ሳይቀር አይተዋል።

ሰዉ ለፎቶ ሲነሳ ጠሩኝ።

«አይቻለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አልኩ። መለመን አልቀረልኝም ብዬ አፌን እያዘጋጀሁ ነበር።

«መንታ አንድ ሰው ነው ብለህ የነገርከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ሰው ከራሱ አይኮርጅም» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ና፣ ወንበሩን ከቢሮዬ አውጣው። ሌላ ሰው እንዳይወስደው።»